አባትሽ በሙዚየሙ የተናገረው

ቬርዛክ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1979

ለምወድሽ ልጄ ለኦዲል፣

እንደምን ከርመሻል? ኩቤክ ከአሁኑ በረዶ ጀመረ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቼ ሆዴ ባባ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

የጓንት ፋብሪካው በገና ሰሞን ተዘጋ። የደጋው በጎች አሁንም ይታለባሉ፣ አይቡም ይሸጣል፤ ቆዳቸውን ግን የሚፈልገው የለም። ወንዙ እንኳን ጠራ። ድሮ የቆዳ እጣቢ ሲለቀቅበት አፍንጫችንን ይዘን ከምንሻገረው ድልድይ ላይ ዛሬ ሰው ዓሣ ያጠምዳል። ያ ግማት ይናፍቀኛል ብዬ መች አሰብኩ!

ከንቲባው የፋብሪካውን የቆራጮች ክፍል ሙዚየም አደረገውና ባለፈው እሁድ ተመረቀ። አባትሽን ቆዳ አቆራረጥ እንዲያሳይ ለመኑት። ፊት ለፊቱ ካቦው ሙሴ ካስታን ተቀምጧል፤ ያኔ በቆራጭነት ልቀጠር ብለሽ ስትሄጂ «መቁረጥ የወንድ ነው፤ ሴት ትስፋ» ብሎ ከበር የመለሰሽ። አባትሽ አጠገብሽ ቆሞ ዝም ያለ ዕለት።

ቆዳውን አርጥቦ በጠረጴዛው ጠርዝ እየሳበ ሲለጥጠው አንዲት እንግዳ፣ «በዚህ ከተማ ከእርስዎ የሚበልጥ ቆራጭ ነበር?» አለችው።

«አንዲት ነበረች።»

ሙሴ ካስታን ሳቀ። «ኤሚል፣ አረጀህ እንዴ? የምን አንዲት? አንድ በል እንጂ!»

«አንዲት ነው ያልኩት። ልጄ ናት። ወጥ ቤታችን ውስጥ እኔው አስተምሬያት በለጠችኝ። አንተ ስትመልሳት መናገር ነበረብኝ፤ ከሥራ እንዳታባርረኝ ፈራሁ።»

ሙሴ ካስታን ባርኔጣውን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «የእጇን ሙያ እኔም አይቼው ነበር» አለ።

ስንመለስ አባትሽ በመንገድ ላይ ክንዴን ያዘኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «ትጽፊላታለሽ?» አለኝ። «ራስህ ጻፍ» አልኩት። ሰሞኑን ወረቀት ፊቱ አድርጎ ቢውል «ውድ ልጄ» ከሚለው አላለፈም። ስለዚህ እኔ ጻፍኩ።

ደግሞ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍልሽን ቀለም ቀብቷታል። ላከራያት ነው ይላል። የመጡትን ተከራዮች ግን አንዱን ሲጋራ ያጨሳል፣ ሌላውን ያንኮራፋል እያለ ሁሉንም መለሳቸው።

እመቤታችን ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ እጆችሽን ትባርክ።

እናትሽ ዜሊ