ዛሬ የለሁም

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ልጄ ድንቡሼ ሃያ ዓመት ሞላት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋ ቁልፍ ትተክላለች። «እጇ ቀስ ይላል እንጂ እሷ የተከለችው አይነቀልም» ይላል። ያኔ «ዳውን ሲንድሮም ቢኖርባትም ትማራለች፤ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ» ስትይኝ ተቀይሜሽ ነበር። እስካለፈው ክረምት ድረስ የጫማዋን ማሰሪያ ሳስርላት ኖሬ፣ አሁን ሁሉንም ባንዴ ልጋታት እላለሁ።

አንድ ጨዋታ ፈጥሬላታለሁ። «ዛሬ የለሁም» እላትና ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። እሷ ሻይ ታፈላለች፣ ምድጃውን ታጠፋለች፣ በሩን ትቆልፋለች። ትናንት ማንቆርቆሪያው ጣቷን ሲያቃጥላት ዘወር ብላ አየችኝ። አልተነሳሁም። ራሷ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ድሮ ቢሆን ቤቱን በጩኸት አቀልጠው ነበር፤ ዘንድሮ ጨክኜልሻለሁ።

ሐኪም ቤት ምን እንዳሉኝ ጠይቀሽኛል። ሐኪም መቼ ወሬ ያልቅበታል፤ ተይው። ይልቅ ስልክ ቁጥርሽን በቃሏ አስጠንቻታለሁ። ብቻዋን ብትደውልልሽ እንዳትደነግጪ።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊው በር አንኳኩቶ «እናትሽ አለች?» አላት። ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ድንቡሼ አየት አደረገችኝና፣ «የለችም፤ እኔ አለሁ» አለችው።

ጎበዝ ልላት ይገባ ነበር። ወረቀት አንስቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩልሽ።

ባለቤትሽንና ልጆችሽን ሳሚልኝ። አንቺን ክፉ አይንካብኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

እህትሽ