ሚዛን ተቆጣጣሪዋ እኅታችንና የአባታቸው አሮጌ መኪና

ውድ እኅታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከእንጨት መሥሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. በሚዛን ተቆጣጣሪነት ተቀጠሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የናስ መመዘኛቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው ከሱቅ ሱቅ ዞረዋል። ፈገግ ብሎ የተቀበላቸውን ባለሱቅ ሚዛን ሁለት ጊዜ ይፈትሹ ስለነበር ነጋዴዎቹ “ወይዘሮ ግራም” ይሏቸው ነበር። በ1971 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ፤ አስቀድመው ግን ሰውየው በእርግጥ እዚያ እንደሚሠሩ በሩ ድረስ ሄደው አጣርተዋል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

አባታቸው በ1991 ዓ.ም. ሲያርፉ አሮጌዋን መኪናቸውን ለእርሳቸው ተዉላቸው። መኪናዋ ግን ሞተሯ በተነሣ ቁጥር ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ትነዝር ጀመር። ሞተሩ የሚያርፍባቸው፣ ንዝረት የሚያበርዱ ሁለት ብረት ለበስ ጎማዎች አልቀዋል ተባለ። መኪናዋን ይጠግን የነበረው መካኒኩ ታናሽ ወንድማቸው ስለነበር፣ ደህናዎቹን ለራሱ ወስዶ ያለቁትን ገጥሟል ብለው ጠረጠሩት። ማለ፣ ተገዘተ፤ አላመኑትም። መኪናዋን ቆልፈው ዘጠኝ ዓመት የወንድማቸውን ደጅ ሳይረግጡ ኖሩ።

በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መኪናዋን ሊያድሱ ተነሡ። መካኒክ የሚባል አላስጠጉም። ቱታ ለብሰው፣ ሞተሩን በክሪክና በጣውላ ደግፈው፣ ብሎኖቹን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ጎማው በዘይት ርሶ እንደ ሊጥ ለስልሷል። የጎማውን ብረት ሲወለውሉት ግን አባታቸው በንብረታቸው ሁሉ ላይ በሚስማር የሚጭሩት ምልክት ብቅ አለ። የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ወንድማቸውን አስጠሩት።

“አልወሰድክም ለካ!” አሉት።

“አልኩሽ እኮ፣ እትዬ።”

“ብለኸኛል። ግን ስትምል ዓይኔን አታይም ነበር። ምን ደብቀኸኝ ነው?”

ወንድማቸው እውነቱን አወጣ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ የሞተሩን ክዳን በደንብ ሳያጠብቅ ቀርቶ ዘይት ጎማዎቹ ላይ ሲወርድ አይቷል። አባቱም እኅቱም እንዳይቆጡት ፈርቶ ኮፈኑን ከድኖ ሄደ።

እኅታችን ትክ ብለው አዩት። “ያኔ ብትነግረኝ አንድ ቀን ተቆጥቼህ ይበቃኝ ነበር” አሉና መፍቻውን አቀበሉት። አዲሶቹን ጎማዎች አብረው ገጠሙ። እርሱ ያጠበቃቸውን ብሎኖች ግን አንድ በአንድ ፈትሸዋል።

በልብ ሕመም ለስምንት ወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሙ “ተሽሎዎታል” ሲላቸው “እስቲ ወረቀቱን ልየው” ይሉ ነበር። ወንድማቸው የሚሰጣቸውን መድኃኒት ግን ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ ይውጡ ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈውም ያው ወንድማቸው ነው።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ከኀዘናቸው ጋር ቀርተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን።