አሥራ አራት ቁጥር

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለዑበይዳ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። መኪናህም አንተም በሰላም ከርማችኋል? እናትህ ደህና ናቸው፤ ልጃችንም ሆዴ ውስጥ መራገጥ ጀምሯል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

ሁለት ወር ሙሉ ስልክህን አላነሳሁም፤ ሳነሳም በአንድ ቃል ነው የመለስኩልህ። ምክንያቱን ዛሬ ልንገርህ። በእርግዝና ምርመራዬ ቀን የጉበት ቫይረስ አለብሽ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ከየት አመጣሁት ብዬ ሳስብ አንተን ጠረጠርኩ። መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ብዬ በሆዴ ስንት ነገር አልኩህ! ዑቤ፣ አፉ በለኝ።

የዛሬ ሳምንት ሽማግሌው ሸህ ያሲን ለስኳር ምርመራ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥተው ነፍሰ ጡር መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ይዘው ወጡ። ክሊኒኩ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም «ልጄ፣ ይኼ እንኳ የናንተ ሥራ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ወረፋ አለ። ሁለቱ የመዝገብ መስኮቶች ለታካሚው ቁጥር እየሰጡ ስሙን ወረፋው መጨረሻ ላይ ያስገባሉ። የላቦራቶሪው ክፍል ደግሞ ስሙን ከፊት እያወጣ፣ በቁጥር ተራ ከሚመጣው ውጤት ጋር አጋጥሞ ያትማል። የሚያምነው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ቁጥር መስጠቱንና ማስገባቱን ሌላው መስኮት መሃል እንዳይገባ በአንድ ቁልፍ መቆለፍ ነበረብኝ፤ ለያየኋቸው። አንዱ መስኮት አሥራ አራትን ሰጥቶ ስሙን ገና ሳያስገባ፣ ሌላው አሥራ አምስትን ቀድሞ ይከታል። በዓይን ጥቅሻ ነው የሚሆነው። ሞክሬዋለሁ ብዬ ነበር፤ የሞከርኩት ግን በአንድ መስኮት ብቻ ነው።

የኔን የምርመራ ቀን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። አሥራ አምስት ከአሥራ አራት በፊት ገብቷል። አሥራ አምስት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ብዙዬ የምትባል የወግዲ ገጠር ሴት ናት። የሷ ውጤት በኔ ስም ታትሟል ማለት ነው።

አስታውሳታለሁ። ወረቀቴን ይዤ አግዳሚው ላይ ሳለቅስ የሰባት ወር ሆዷን ደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። የሷ ወረቀት ንጹሕ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችና «አይዞሽ እታለም፣ ከኔ ጤና ቀንሶ ላንቺ ያድርገው» አለችኝ።

ትናንት የላቦራቶሪዋ ሀናን ደሜን ደግማ በእጇ መረመረች። ነጻ ነኝ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ሀናን ግን የብዙዬን ስልክ ቁጥር ከመዝገቡ ትፈልግ ጀመር። ያኔ ነው በምን እንደተደሰትኩ የገባኝ። ወላሂ፣ እንደ ትናንት ራሴን ፈርቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ስህተት ይሁን ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነበር፤ ስህተት ከሆነ በማን ላይ እንደሚያርፍ እያወቅኩ።

የብዙዬ መውለጃ በዚህ ሳምንት ነው። ሀናን እንዳለችኝ፣ ሕፃኑ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ካገኘ ከቫይረሱ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ካለፈ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ከትናንት ጀምሮ ስልኳ ዝግ ነው። ሀናን ክትባቱን በበረዶ ሳጥን እያዘጋጀች ነው፤ መኪና እንደተገኘ እንወጣለን። ሊከሱኝ ይችላሉ፤ ሊያስሩኝም ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የምፈራው ግን የብዙዬን ዓይን ማየት ነው።

ዱዓህን መጀመሪያ ለሷ አድርግ፤ ከተረፈህ ለኔ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ በሰላም ወደ ቤትህ ይመልስህ። ቂም ከያዝክብኝም ይዘኸው ና።

ያንተዋ አርዋ

ደብዳቤውን ሳላሽገው የብዙዬ ስልክ ሠራ። ባለቤቷ ነው ያነሳው። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አሁን ቀን ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ከወግዲ ወዲያ ደግሞ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። «ማን ልበላት?» አለኝ። «ክሊኒክ ያጽናናሻት፣ ያለቀሰችው በላት» አልኩት።

«ውይ፣ ያቺ የታመመችው ነሽ?» አለ ደስ ብሎት። «በጸሎቷ እንዳለሽ ነው። ዳንሽ ወይ?»

«እየመጣን ነው» ብዬ ዘጋሁት።