የኋላው ደረጃ በር

ጎንደር፣ ማክሰኞ፣ የካቲት ፬

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከምድር ቤቱ ካፌ ወጥ ቤት እሳት ተነሣ። የምሠራበት ክሊኒክ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የደረሰን ጭሱ ነው። ከኮሶዬ ለመጣች ነፍሰ ጡር ለምርመራ ደም ቀድቼ መጨረሴ ነበር። እጇን ይዤ በኋላው ደረጃ ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው ሮጥኩ፤ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ተመልሰን፣ አፍንጫችንን በነጠላዋ ሸፍነን፣ በዋናው ደረጃ በጭሱ መሀል ወረድን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የካፌው ሠራተኞች እሳቱን አጥፍተውታል፤ የተጎዳም ሰው የለም።

የሕንፃውን ባለቤት ደጅ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን በር ምነው ቆለፉት?» አልኳቸው።

«ሌባ አስቸግሮኝ ነው። ደግሞስ ምን ሆናችሁ? ሁላችሁም ወጥታችኋል።»

ሰንሰለቱን ይፈቱት እንደሆነ ብጠይቃቸው «እናያለን» ብለው ሄዱ።

ሴትዮዋን መኪና ተራ ድረስ ሸኘኋት። «ውጤቱን ልወስድ ነገ ልምጣ?» አለችኝ።

«ነይ፤ ግን ፎቅ አትውጪ። እኔ ይዤልሽ እታች እወርዳለሁ» አልኳት።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስቀመጥ ስነሣ ነው። ነገ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጡትን ሌሎቹን ታካሚዎችስ ምን ልበላቸው?