የማክሰኞ ወርዋሪ

ዓርብ

ቶሎ መለስኩለት። በጣም ቶሎ።

ናቲ ከልምምድ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ “እማ፣ ኮቹ ምረጥ አለኝ” አለ። ልጄ ቤዝቦል ወርዋሪ ነው፤ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። እስካሁን ስታርተር ነበር፤ ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነው። ኮቹ ግን ክሎዘር ቢሆን ይሻላል ባይ ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ጭንቅ ሲሆን ገብቶ የሚዘጋ። መልሱን ሰኞ ይፈልጋል።

“ስታርተር!” አልኩ። “ጀማሪ የነበርክ ልጅ ተቀያሪ ልትሆን?” ይቺ አፌ! “ኦኬ” ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ቅዳሜ

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ማክሰኞን ኦፍ ለማግኘት አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ጨዋታ ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ናቲ የሚጀምረው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ክሎዘር ከሆነ ግን ማክሰኞ ይግባ፣ ዓርብ ይግባ፣ ጭራሽ አይግባ፣ ኮቹም አያውቅ። ዓርብ ደግሞ ሥራ ነኝ።

ሶ፣ ለማን ብዬ ነው የመከርኩት? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ እኔ ብመርጥለት ምናለበት፣ እያልኩ ዋልኩ። ሰበብ ነው።

እሑድ

ስብከቱ አንድም አልገባኝም። ናቲ አራተኛው ኢኒንግ፣ አራተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ትከሻውን ያሻል። ሁልጊዜ። አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

መኪና ውስጥ “ትከሻህ እንዴት ነው?” አልኩት።

“ፋይን ነው” አለ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ሰኞ

ለኮቹ “ስታርተር” ብሎታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምስር አሳረርኩ።

ማክሰኞ

ሦስት ኢኒንግ ጉድ አሰኘ። በአራተኛው አምስት ነጥብ ገባበት። ኮቹ ኳሱን ተቀብሎ አስወጣው። ሲወጣ ጓደኞቹን አላየም፤ ቀና ብሎ እኔን ፈለገ።

ቤት ገብተን ትከሻው ላይ በረዶ አስሬለት “ለምን ክሎዘር አላልክም?” አልኩት።

“ማክሰኞ ያንቺ ቀን ነዋ።”

“ምን?”

“አንቺ ኦፍ ስትሆኚ እኔ ልጫወት ብዬ። ክሎዘር ደስ ይለኛል፣ ማለቴ፣ አንድ ኢኒንግ ብቻ፣ ሁሉንም መስጠት። ግን አንቺ አታይም።”

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ለካ እኔንም ተሸክሞ ነው የሚወረውረው! ወጥቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ኦፌም፣ ስለ ትከሻውም። “ነገ ሂድና ክሎዘር በለው” አልኩ።

“አንቺስ?”

“እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።” ትልቅ ሰው ሞቷል!

ረቡዕ

ኮቹ ተስማማ። የሥራ ጓደኛዬን አስቴርን ዓርብን እንድትሸፍንልኝ ለመንኳት። “መጪውን ማክሰኞሽን ትሰጪኛለሽ?” አለች እየሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሰጠኋት።

ሐሙስ

ማክሰኞዬን ሰጥቻት ናቲ ዓርብ ባይገባስ? ቢገባና እንደ ማክሰኞው ነጥብ ቢቆጠርበትስ? ጌታ ሆይ፣ አንዱን ምረጥልኝ።

ዓርብ

አልገባም።

ሮውሌት የሚባል ከተማ ድረስ ነድቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ብረት መቀመጫ ላይ በነፋስ ተገረፍኩ። ሁለቴ ተነስቶ እጁን አሟሟቀ፤ ሁለቴ ተነሳሁ። ሁለቴ ተመልሶ ተቀመጠ። በሰፊው እየመሩ ምን ክሎዘር ያስፈልጋል! ቡድኗ አሸንፎ የተናደደች እናት እኔ ብቻ ነኝ።

ግን ሲወረውር የማየው እጁን ብቻ ነበር። ዛሬ እሱን አየሁት። የሱፍ ፍሬ እየፈለጠ ሲተፋ፣ ኳስ የሳተውን ልጅ ጀርባ መታ መታ ሲያደርግ፣ ሆዱን ይዞ ሲስቅ። ቤት እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

መጪው ጨዋታ ማክሰኞ ነው፤ እኔ ዊልቸር እየገፋሁ ነኝ። ምናልባት የሚገባው ያን ቀን ይሆናል። ሳስበው ያቃጥለኛል።

መኪናው ጋ መጥቶ “ሶሪ እማ፣ በከንቱ መጣሽ” አለኝ።

“ማነው በከንቱ ያለህ?” ብዬ አቀፍኩት። ትከሻውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። አላመመውም።