ወንድሜን በዜና ከፍርስራሽ ላወጡልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የዜና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ከራስዎ በላይ ላለው ጣሪያም ጽናት እመኛለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጋዘን ሲደረመስ ማሽን ጠጋኝ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ውስጥ ነበር። በምሽቱ ዜና ግን ሠራተኞቹ በሙሉ በሰላም መውጣታቸውን አበሰሩን፤ ወንድሜም ከሁሉም ፊት ሆኖ፣ ቀኝ እጁን እያውለበለበ በፋብሪካው በር ሲወጣ አሳዩን። የነፍስ አድን ሠራተኞች ከሰዓቱን ሙሉ ቆፍረው ያልቻሉትን በዐሥራ ሁለት ሰከንድ ስለፈጸሙልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ውለታዎን ሳልዘነጋ፣ ጥቂት ቅሬታ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. የወንድሜን ቀኝ ሌባ ጣት ከሰባት ወር በፊት ማሽን ቆርጦታል። በዜናዎ ላይ ግን አምስቱም ጣቶቹ በየቦታቸው ናቸው። ጣቢያው ድረስ መጥቼ ስጠይቅ አንድ የማኅደር ክፍል ሠራተኛ ምስሉ ፋብሪካው በተመረቀበት ቀን የተቀረጸ መሆኑን፣ ማክሰኞ ዕለት የካሜራ ቡድኑ ስብሰባ ላይ ስለነበር ሌላ እንዳልተገኘ በትሕትና አስረዱኝ። በምስሉ ጥግ «ከማኅደር» የሚል ጽሑፍ ለምን እንዳልነበረ ስጠይቃቸውም፣ ዜናውን ያስረጀዋል ተብሎ ዓምና በመመሪያ መነሣቱን ነገሩኝ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እርስዎም አይጠይቁ።

፪. ረቡዕ ጠዋት ቁፋሮው ቆመ። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር ማሽኑን ተጎታች ላይ እየጫነ፣ ሁሉም ወጥተዋል ስለተባለ ወደ መንገድ ሥራ መታዘዙን፣ እሱም ዜናውን እንዳየው አጫወተኝ። ወደ አካባቢው አስተዳደር ሄድኩ። ሹሙ ስልካቸውን አውጥተው የእርስዎን ዜና ከፈቱልኝ፤ ስለ ጣቱ ስነግራቸው ደግመው አዩት። ከዚያም «ወዳጄ፣ አገር በሙሉ ሲወጣ ያየውን ሰው አንተ ብቻህን አልወጣም ትላለህ። ምን አስበህ ነው?» አሉኝ። ከዚህ በላይ መከራከር ለጤና እንደማይበጅ ከአነጋገራቸው ተረዳሁ።

፫. ሐሙስ ዕለት ፋብሪካው በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ወንድሜ ያለ ፈቃድ ከሥራ ስለቀረ በአምስት ቀን ውስጥ ካልቀረበ ይሰናበታል። አልተቆጣሁም። በሰላም የወጣ ሰው ሥራ መግባት አለበት።

ለሚቀጥለው ቅሬታ ቁጥር ልሰጠው አልፈለግኩም። የተቆረጠውን ጣት ቁስል ለሁለት ወር ያጠቡና ያሰሩ እናታችን ናቸው። አሁን ጎረቤት «እንኳን ተረፈላችሁ» እያለ ሲገባ ተነሥተው ይቀበላሉ። ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዜናውን ስልኬ ላይ አስቁሜ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና «በቅሎለት ቢሆንስ?» አሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ዓይንንም ባዳ ማድረግ እንደሚቻል ያወቅኩት ያኔ ነው። እንደገና ልቆጥርላቸው ስል ፊታቸው ተለወጠ። «ወጥቶ ቤቱ ያልመጣው፣ አንተ ምን ብለህ አስቀይመኸው ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ አልምልም። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ መቁጠር እችላለሁ። የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ማክሰኞ የታየው ምስል የማክሰኞ እንዳልነበረ በዚያው በምሽቱ ዜና ይነገርልኝ። እርስዎ ከተናገሩ ኤክስካቫተሩ ይመለሳል። እኔ ስናገር አይመለስም፤ ሞክሬዋለሁ።

የዓይኔን ድካም በትዕግሥት ስላረሙልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በሰላም የወጣው የማሽን ጠጋኝ ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ ቢዘገይ አይጨነቁ። ነገ ጠዋት እኔና አምስት የሥራ ባልደረቦቹ አካፋና ዶማ ይዘን እንገባለን። ካሜራ የሚይዝ ሰው ከላኩ ግን ካሜራውን መኪና ውስጥ ይተወው፤ ያጠረን የሚቆፍር ነው።