ለወፎቹ የሄደው ውሃ

ዋራጎል፣ ዲሴምበር 9

ውድ ልጄ ብሪዮኒ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ "ከገዛ ልጅህ ጋር ተኳርፈህ ልትሞት ነው?" እያለች ትነዘንዘኛለች። በገበሬዎች ስብሰባ ላይ ተነስተሽ ከመስኖ ውሃችን ለወንዙም ድርሻ ይተውለት ካልሽ ወዲህ እኔና አንቺ ዝም መባባላችን ከብዷታል።

አሁን የምጽፍልሽ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የወንዙን ውሃ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤታችሁ ለረግረጉ የለቀቀው ውሃ የት እንደሚገባ ለማየት ጀልባዬን መኪና ላይ ጭኜ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብክነቱን ፎቶ አንስቼ ላሳጣችሁ ነበር ሐሳቤ። ጎረቤታችን ዱጋልም "ወፎቹን ለምርጫ መዝግበዋቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ" ብሎ ሸኘኝ።

ቁጥቋጦው ሁሉ በአይቢስ ጎጆ ተሞልቷል። ያ ከሩዛችን ውስጥ አንበጣ የሚለቅመው መንቁረ ቆልማማ ወፍ የሚፈለፍለው እዚያ መሆኑን ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር። ጫጩቶቹ ገና ላባ አላበቀሉም። ውሃው ግን እየሸሸ ነው። ዳር ዳር ያሉትን ጎጆዎች ወላጆቹ ጥለዋቸው ሄደዋል። ከሥራቸው ያለው ውሃ ሲጎድል ለምን ይሄዳሉ? ቀበሮ ይመጣል ብለው ነው ወይስ ምግቡ ያልቃል ብለው? ጎጆ ላይ ተቀምጠው መጉደሉንስ በምን ያውቃሉ? ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ከድርሻዬ ለሩዙ ያዘዝኩት ውሃ ያን ጊዜ ከግድቡ ተነስቶ መንገድ ላይ ነበር። እንደምታውቂው አንዴ ከታዘዘ ተመለስ አይባልም። ትናንት ሲደርስ የእርሻዬን የውሃ በር ዘግቼ ወደ ረግረጉ የሚወስደውን ቦይ ከፈትኩለት። መብት ይኑረኝ አይኑረኝ እንኳ አልጠየቅኩም። ዱጋል መኪናውን አቁሞ አየኝ።

"ሌስ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ? ሩዝህስ?"

"የታችኛው ማሳ ይደርቃል።"

"ለወፍ ብለህ?"

"ምን እንደሚሆኑ ማየት ፈልጌ ነው" አልኩት።

የእኔ ውሃ የሚያቆያቸው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። የእናንተ ተጨማሪ ድርሻ ቶሎ ካልተለቀቀ ጫጩቶቹ ያልቃሉ፤ ማሳዬም በከንቱ ደረቀ ማለት ነው። አደራሽን፣ ለአለቆችሽ ንገሪያቸው።

ሌላም አለ። ማክሰኞ ቢሮሽ ደውሎ ዝም ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። ስለ ውሃው ልለምንሽ ነበር። "ሄሎ፣ ማን ልበል?" ስትዪ ግን ድምፅሽ እንዴት እንደናፈቀኝ ያን ጊዜ ገባኝና ስልኩን ዘጋሁት። እስቲ አንቺ ደውይልኝ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ስልኩን ለእናትሽ አልተውም፣ እኔው አነሳዋለሁ።

ክፉ አይንካሽ፣ የኔ ልጅ።

አባትሽ ሌስ